ወናፍና ሞተር፤ የእጅ ሥራ ታሪክ ከጂንካ ሲታይ

የሰው ልጅ ሞተርን ከፈለሰፈ ወዲህ፣ ሞተርን የሚፈጥር ሌላ፣ ሞተርን በሕይወት የሚያኖር ሌላ ሆኖ ይታያል። የመጀመሪያው ስሙ በብረቱ ላይ ተቀርጾ በዓለም ሁሉ ይታወቃል፤ ሁለተኛው ግን እጁ በዘይት ጠቍሮ፣ ሥራው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ይኖራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ሰው ጥቂት መናገር ነው። የምንነሣውም ፋብሪካና ትልቅ ሱቅ ከሞላበት ከተማ ሳይሆን ከጂንካ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ በዚያ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ተገልጦ ይታያል።

ቅዳሜ በጂንካ የገበያ ቀን ነው። ከአሪ ደጋ ገበሬው እህሉንና ቡናውን፣ ሸክላ ሠሪይቱም ድስቷን ይዘው ይወርዳሉ፤ ከቆላው ወገንም እንደዚሁ ሌላው ሕዝብ ይመጣል። በገበያው ዳር ሞተር ብስክሌቶች ቆመው ይጠብቃሉ። አንባቢ ሆይ፤ ከእነዚህ መካከል ዕድሜ የጠገበችውን አንዷን ቀረብ ብለህ ብትመለከታት፣ ከፋብሪካ እንደ ወጣች አለመሆኗን ወዲያው ትረዳለህ። ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ ብረት ተበይዶላታል፤ የተሰነጠቀው ጭቃ መከላከያዋ በላሜራ ተተክቷል፤ የእግር መርገጫዋ ከሌላ ብረት ተቈርጦ የተሠራ ነው። ይህች ሞተር ብስክሌት ሁለት ጊዜ ተሠርታለች፤ አንድ ጊዜ በባሕር ማዶ፣ ሁለተኛ ጊዜም በሠራተኛው እጅ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በቀይ አፈር በኩል ጂንካ እስኪደረስ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጂንካም ወዲያ መንገዱ አንድ ወገን ወደ ዲመካ፣ ወደ ቱርሚና ወደ ኦሞራቴ፣ ሌላው ወገን ደግሞ የማጎን ፓርክ አቋርጦ ወደ ሐና ይወርዳል። ከደጋው ቅዝቃዜ እስከ ኦሞ ወንዝ ሙቀት ድረስ ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ጭቃና የክረምት ጎርፍ ይፈራረቃሉ። ለብዙ ዘመን ከተማይቱን ከሩቁ አገር ጋር በቶሎ ያገናኛት የነበረው በመካከሏ የተዘረጋው የሣር አውሮፕላን ሜዳ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ዋጋዋ ጥቂት የሆነች አንዲት የነሐስ ቀለበት ብትበላ፣ ሙሉዋ ሞተር ትቆማለች፤ የሚጠብቃት ታማሚም፣ ነጋዴም፣ መምህርም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ሠራተኛው መለዋወጫ እስኪመጣ መጠበቅን ትቶ፣ ካለው ብረት መሥራትን ይመርጣል።

ለአስፋልት የታሰበች ሞተርም በዚህ መንገድ ላይ እንደ ነበረች ልትቀጥል አትችልም። የፊት ጭቃ መከላከያዋ ለጎማው እጅግ የቀረበ ከሆነ፣ በጭቃ ጊዜ መካከሉ ይሞላና መንኰራኵሩ ይታነቃል፤ ስለዚህ ከፍ አድርጎ ማሰር ያስፈልጋል። የሞተሩ ሆድ በድንጋይ እንዳይመታ ከሥሩ የብረት ጋሻ ይደረግለታል። ይህን ጌጥ ወይም ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ መንገዱን አያውቅም።

እንግዳ ዕቃን ለራስ ፈቃድ የማስገዛት ልማድ በደቡብ ኦሞ በሞተር ብቻ የታየ አይደለም። የዳሰነች ሴቶች የተጣለ የጠርሙስ ክዳንና የተሰበረ የሰዓት ማሰሪያ ሰብስበው፣ በተርታ ደርድረው፣ እጅግ የሚያምር የራስ ጌጥ ይሠሩበታል። አልቆ የተጣለ የመኪና ጎማም በቢላዋ ተቈርጦ፣ እሾኽና ጠጠር የሚችል ጫማ ሆኖ ሲለበስ ይታያል። ከተማው የጣለው ነገር በዚህ ሌላ ሥራ ያገኛል። የጣለው ሰው ያላየውን ጥቅም ያየ ዓይን፣ የፈልሳፊ ዓይን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ብረትን እንደ ገና ለመውለድ ከሁሉ በፊት እሳትን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ጂንካ የቆየ ትምህርት ቤት አላት። በአሪ ሕዝብ ዘንድ ገበሬው ካንጻ፣ የእጅ ሠራተኛው ማና ይባላል፤ ከማናም ወገን ብረት ቀጥቃጩ ፋካ ማና፣ ሸክላ ሠሪው ቲላ ማና ተብሎ ይለያል። ጓሮው የሚቈፈርበት፣ እርሻው የሚታረስበት፣ እንሰቱ የሚቈረጥበት ብረት ከፋካ ማና እጅ የሚወጣ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ያለ ቀጥቃጩ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።

የቀጥቃጩን ዕውቀት እንመልከት። በወናፍ የተነፋ ከሰል ውስጥ የገባ ብረት መጀመሪያ ጠቈር ያለ ቀይ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ ከዚያም ብርቱካንማ፣ በመጨረሻም ወደ ነጭ የሚያደላ ቢጫ ይሆናል። ቀጥቃጩ የሙቀት መለኪያ የለውም፤ መለኪያው ዓይኑ ነው። የጋለውን ብርቱ ብረት በውኃ ቢነክረው እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ገና በለስላሳ እሳት ጥቂት አሙቆ፣ ጥንካሬውን ከመተጣጠፍ ጋር ያስታርቀዋል። ይህን ነገር የዛሬው መሐንዲስ በመጽሐፍ ይማረዋል፤ ቀጥቃጩ ግን ከአባቱ አጠገብ ወናፍ እየነፋ ተምሮታል። በኋላ ዘመን የከባድ መኪና ባሌስትራ በየአገሩ ሲጣል፣ ቀጥቃጮች እያነሡ ቢላዋና ማረሻ አደረጉት። በዚህም ጊዜ ወናፍና ሞተር በአንድ ብረት ላይ ተገናኙ።

ይህን ያህል የሚያስፈልግ ሰው ግን አልተከበረም። በአሪ ልማድ ካንጻ ከማና ጋር አይጋባም፤ በአንድ ገበታም አይቀርብም ነበር። ለዚህ መራራቅ ምክንያት ሆኖ ሲነገር የቆየው፣ ቀጥቃጩ የዘሩ ምንጭ ሌላ ነው የሚለው አሳብ ነው፤ ከተመራማሪዎችም መካከል ይህን የገመቱ ነበሩ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2015 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት ግን ነገሩን በሌላ መንገድ አስረዳ። የአሪ ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች ካለፉት 4,500 ዓመታት ወዲህ ከአንድ ምንጭ የተለያዩ ወንድማማቾች መሆናቸውን፣ በመካከላቸው የሚታየውም ልዩነት ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው የመጣ መሆኑን አመለከተ። እንግዲህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላ ዘር ስለ ሆኑ አልተናቁም፤ ስለ ተናቁ ሌላ ዘር መሰሉ። ንቀት በደም ውስጥ ሳይቀር ምልክት እንደሚተው ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ይህ ነውር የአሪ ብቻ ነው የሚል ደጋማ አንባቢ ቢኖር፣ ወደ ራሱ መንደር ይመለስ። በሰሜኑም አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ እየተባለ ሲሰደብ፣ በቡዳነት ሲታማና ሲፈራ ኖሯል። ማረሻውን ከእርሱ የሚገዛው ሰው ልጁን ከእርሱ ዓይን ይሸሽግ ነበር። ሙያ በልብ ነው እያለ የሚተርተው ሕዝብ፣ ሙያ ያለውን ሰው ከደጁ አርቆ አኖረ።

ይህም ሆኖ የአገራችን ነገሥታት የሠራተኛውን እጅ ሳይፈልጉ የቀሩበት ጊዜ የለም። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮጳውያን የእጅ ሠራተኞችን ሰብስበው፣ የአገሩን ልጆች አብረው አሠልፈው፣ መድፍ እንዲያቀልጡ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ወጥቶ፣ በሰው ጕልበት እየተጐተተ ወደ መቅደላ መውጣቱና እስከ ዛሬም በዚያው መገኘቱ ይታወሳል። ሠራተኞቹ ሥራውን የጀመሩት በሌላ አገር ከለመዱት ሙያ ሳይሆን በሙከራና በስሕተት ነበር፤ እየተሰበረባቸው ተማሩ።

የ1900 ዓ.ም. ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጕዳይ ልዩ ትርጕም አለው። በዚያ ዓመት ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃ አሳልፎ፣ አዲስ አበባ አገባት፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀመጡባት። በዚሁ በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሓፊውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ፤ ተሳዳቢውም እንደሚቀጣ አስታወቁ። ሞተር ወደ ዋና ከተማችን በገባበት ዓመት ሠራተኛን የሚጠብቅ ሕግ አብሮ መውጣቱ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አሳቡ አጋጣሚ አይደለም። መኪናን ወድዶ መኪና የሚጠግነውን መጥላት የማይቻል መሆኑን ምኒልክ ተረድተውት ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ አሳቡ ግን በሁላችን ልብ ገና አልታተመም።

ከዚያ በኋላ የእጅ ሥራ ትምህርት በልዩ ልዩ መንገድ ተስፋፋ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ከእርሱ ጋር ትልቅ የጥገና ቤት ተቋቋመ። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በድሬዳዋው ቤት የነበሩ ሠራተኞች የሚሰበረውን ሁሉ ከፈረንሳይ አገር ሳይጠብቁ፣ ራሳቸው አቅልጠውና ቀርጸው ይተኩ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት አውሮፕላን ሠራ፤ ሞተሯ ከውጭ የመጣ፣ አካሏ ግን እዚሁ የተበጀ ነበር፤ በልዕልት ፀሐይም ስም ተሰየመች። ኢጣልያኖች ማርከው ወደ አገራቸው ወስደው በሙዚየም አቆሟት፤ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። የውጭ ሞተር፣ የአገር ቤት አካል! ይህ በጂንካ ገበያ ዳር የቆመችው ሞተር ብስክሌት ምሥጢርም አይደለምን?

የአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን በሌላው ነገር መከራ ሲሆን፣ በጋራዥ ቋንቋ ላይ ግን ማኅተሙን ትቷል። የፋሺስት ጦር በሞቶ ጉዚ፣ በጊሌራና በቢያንኪ ሞተር ብስክሌቶች፣ በብዙም ከባድ መኪና እየተጓጓዘ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን ስባሪውን ትቶ ሄደ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ላሜራ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ነገር ግን በዚያው ጋራዥ ውስጥ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ መሮና ወናፍ የሚሉትንም እንሰማለን። ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ይህ ታላቅ ሰነድ ነው። የመኪናው ክፍሎች ስም የባዕድ ነው፤ ብረቱን የሚያሸንፈው የእጅ መሣሪያ ስም ግን ከአያቶቻችን ቤት የወጣ ነው። መካኒኩ የቀጥቃጩ ልጅ መሆኑን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል።

ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሙያ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ ተባለ። የእጅ ሥራ ማለት ነው። ከቀለም ትምህርት ቤቶች መካከል የእጅን ክብር በስሙ ተሸክሞ የቆመ ቤት እርሱ ነው ብንል አንሳሳትም። ዛሬ በየክልሉ የተከፈቱት የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችም ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደ ሞተር ብስክሌት ራሷ ታሪክ እንመለስ፤ በእጅ መሠራት ለእርስዋ የድሃ አገር ዕጣ ብቻ አለመሆኑን ትነግረናለችና። ጎትሊብ ዳይምለር ከቪልሄልም ማይባኽ ጋር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1885 የሠራት የመጀመሪያዪቱ ባለ ቤንዚን ሞተር ብስክሌት አካሏ ከእንጨት ነበር፤ ኃይሏም ግማሽ ፈረስ ያህል ብቻ ነበር። በ1946 ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ፣ በጦርነት ለተጐዳው ለፒያጆ ኩባንያ ቬስፓን ሠራላት፤ በ1948 ከዚሁ አሳብ ባለ ሦስት እግሯ ተወለደች። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም የፒያጆን ፈቃድ አግኝቶ የቬስፓን ሥራ ጀመረ፤ በጂንካ ጎዳና የምትመላለሰው ባለ ሦስት እግር ባጃጅም የዚህ ዘር ናት። እንግዲህ ባጃጅ ራሷ ተለውጣ የተሠራች ሞተር ብስክሌት ናት፤ ሦስተኛ እግርና ጣራ የተጨመረላት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የኒውዚላንዱ ተወላጅ የበርት መንሮ ታሪክ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1920 የተሠራች ኢንዲያን ስካውት የምትባል ሞተር ብስክሌት ገዝቶ፣ በዕድሜው ሙሉ አልተለያትም። ፒስተኗን በቤቱ አቅልጦ በቆርቆሮ ቅርጽ ያፈስስ ነበር፤ ሌላውንም ክፍል በሞረድ እየሞረደ፣ የጎማዋን ጥርስ ሳይቀር በቢላዋ እየቀረጸ ያበጅላት ነበር፤ ነፋስ እንዳይዛትም የዓሣ ቅርጽ ያለው ቅርፊት ሠራላት። ከፋብሪካ ስትወጣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳ በጭንቅ ትሮጥ የነበረች ሞተር፣ በ1967 በአሜሪካ የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ሮጠች፤ እርሱም 68 ዓመቱ ነበር። ዓለም መንሮን ጀግና ብሎ ፊልም ሠራለት። በጂንካ ዳር ያለ ሠራተኛ ለማሸነፍ ሳይሆን ታማሚ ለማድረስ ሲል ያንኑ ሥራ ቢሠራ፣ ምን ስም ሰጠነው?

ይሁን እንጂ ስለ ፍቅር ብለን እውነትን መሸሸግ አይገባንም። በእጅ የተሠራ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። የዕቃ መጫኛ ሲረዝም ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የፊት ጎማም ይቀልልና መሪው እንደ ልብ አይታዘዝም። የተበየደ ብረት ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከአጠገቡ ነው፤ ምክንያቱም የብየዳው እሳት በዙሪያው ያለውን ብረት ጠባዩን ይለውጠዋል። የፍሬን ዘንግና የፊት ሹካ በግምት የሚሠሩ አይደሉም፤ ስሕተታቸው በሰው ሕይወት ይከፈላልና። ለዚህም መድኃኒቱ የሠራተኛውን እጅ መከልከል ሳይሆን፣ ለእጁ ዕውቀት መጨመር ነው። ከአባቱ የብረትን ቀለም የተማረ ወጣት፣ የብረትን ጠባይ በመጽሐፍም ቢማር ከሁለቱ ወገን የሚበልጥ ሰው ይወጣዋል።

ሌላም ጭንቀት አለ። አሮጌዪቱ ሞተር ለዓይንና ለእጅ የተገለጠች ነበረች፤ ካርቡሬተሯ ይፈታል፣ ካንዴላዋ ይጠረጋል፣ የነዳጇ መንገድ ይታያል። አዲሶቹ ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሥራቸውን በኤሌክትሮኒክ ሣጥን ውስጥ እየዘጉት ነው። ለእነርሱ ሞረድ አይበቃም። ስለዚህ የሠራተኛው ትምህርት ካልተከተለ፣ ለዘመናት የተከማቸ የእጅ ዕውቀት ደጃፉ ተዘግቶበት እንደ ተረት ይቀራል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይባላልና፣ ጊዜው አሁን ነው።

ስለዚህ ነገራችንን ስንደመድም ለሦስት ወገን አንድ አንድ አደራ እንተዋለን። በቢሮ ያለው ሹም ለሠራተኛው የሥራ ቦታና መሣሪያ ሲያስብ፣ ችሮታ እንደ ሰጠ ሳይሆን የ1900ን ዐዋጅ እንደ ፈጸመ ይቍጠረው። መምህሩ የብረትን ጠባይ ሲያስተምር ምሳሌውን ከሩቅ አገር ብቻ አያምጣ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ወናፍ የሚነፋ ሰው አለና ደቀ መዛሙርቱን ወደዚያ ይውሰዳቸው። በጂንካ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላው ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ የፋካ ማናን ቃላት፣ የእሳቱን ቀለሞች፣ የብረቱን አያያዝ በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ መጽሐፋቸው አብሮ እንዳይቀበር።

የገበያው ሰዓት አልፎ ሕዝቡ ወደየመንደሩ ሲበተን፣ ያች ሁለት ጊዜ የተሠራች ሞተር ብስክሌት ተጭና ትነሣለች። በላይዋ የካንጻ ልጅ ይቀመጥ ይሆናል፤ የተሸከመችውን ብረት የበየደው ደግሞ የማና ልጅ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ላይ ብትሰበር ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፤ ብትደርስም ሁለቱም አብረው ይደርሳሉ።